ፈትያና ሉሊት የጎማ መንፊያ የመረጡ ጊዜ

ፈትያ መኪና መንዳት አትወድም። መንጃ ፈቃድ ከያዘች ቆይታለች፤ ግን አትላንታ አጠገብ፣ ኖርክሮስ ካለው ቤቷ እስከ ቡፎርድ ሃይዌይ ሱቆች፣ አርብ አርብ ደግሞ እስከ መስጊድ ካልሆነ በቀር መሪ አትጨብጥም። ሃይዌይ መውጣት ግድ ሲሆንባት ቢስሚላህ ብላ የቀኙን መስመር ትይዛለች። ከኋላዋ ክላክስ እያስጮሁ የሚያልፏትን ቀና ብላ ሳታይ፣ እስክትወርድ ድረስ ትንፋሿን ውጣ ትሄዳለች። ይህች ሴት ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ የአርቪ ባለቤት ሆነች ሲባል የሚያውቋት ሁሉ ሳቁ። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ነገር፣ ለዚያውም የከተማ አውቶቡስ የሚያህል!

ነገሩን ያመጣችው ጓደኛዋ ሉሊት ናት። ሉሊት ስቶን ማውንቴን ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ ከፓርኪንግ ወደ አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ስትነዳ ኖራ ገና ጡረታ መውጣቷ ነበር። ጎረቤቷ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው፤ አርቪውን ጓሮ አቁሞት ሣር ውጦታል። ልጁ ዘንድ ሊጠቃለል ሲነሳ ሉሊትን በአጥር ጠርቶ፣ «ትልቅ መኪና መንዳት የምታውቂ አንቺ ነሽ፤ ለማላውቀው ሰው ከምሸጠው ውሰጂው» አላት። ዋጋው ግማሹ ስጦታ ነበር ማለት ይቻላል። ሉሊት ግን ብቻዋን አልወሰደችውም። ስልኳን አንስታ ፈትያ ጋ ደወለች።

«ፈትያ፣ ለመሆኑ አሜሪካንን አይተሻታል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርኩና?»

«ሆቴል ክፍል ውስጥ አንሶላ ስታነጥፊ ነበርሽ። እኔም ከፓርኪንግ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ፓርኪንግ። የዓለምን ሻንጣ ስጭን ኖሬ የራሴን ሻንጣ ጭኜ አላውቅም። እንሂድ!»

ፈትያ ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ሳቁ ጠፋና ሐሳብ ገባት። ዳውንታውን ባለው ትልቅ ሆቴል፣ ከስንቱ አገር የመጣ ሰው ሲያድርበት በኖረው፣ ክፍል ስታጸዳ ነው ያረጀችው። ባሏ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ልጇ ሶፍያ ፋርማሲስት ናት፤ የራሷ ቤት፣ የራሷ ጣጣ አላት። እሷስ ምን ትጠብቃለች? በማግስቱ ራሷ ደወለች።

«እሺ ብዬሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዕቃ ሆኜ አልጫንም። አንቺ ትነጃለሽ። ጎማው፣ ውሃው፣ ከሥር ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ሥራ ከሌለኝ አልሄድም።»

«የአንቺ ይሁን» አለች ሉሊት።

ሁለቱ የተገናኙት ክላርክስተን ውስጥ፣ ለአዲስ ገቢ ስደተኛ በሚሰጠው አፓርትመንት ነው። ፈትያ ከኮምቦልቻ፣ ሉሊት ከጎንደር፣ ሁለቱም በሱዳን በኩል ነው የመጡት። አንድ ደረጃ ነበር የሚለያቸው፤ ፈትያ ከላይ፣ ሉሊት ከታች። ያኔ ፈትያ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ሉሊት ቀን ትሠራ ነበር። ስለዚህ ቀን ቀን ልጆቹን ፈትያ ታያለች፤ ማታ ማታ ሉሊት ታስተኛለች። የሉሊት ልጅ ቃለአብና ሶፍያ የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ሳይለዩ አደጉ። ሥጋው ለየብቻ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የየራሱን ይበላል። ምስሩና ሽሮው ግን አንድ ድስት ነበር። አርቪውን ሲገዙም መጀመሪያ የተስማሙት በዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ ዓሣና አትክልት ይበላል፣ ሥጋ የሚባል ነገር ማቀዝቀዣው ውስጥ አይገባም። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ነበር የገቡት። ሁለቱም ጾመው፣ ኢድም ፋሲካም አልፎ፣ ከዚያ በኋላ ባሕር ለማየት ወደ ሳቫና በኩል ሊወርዱ ተቃጠሩ።

እስከዚያው ለሙከራ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተው አንድ ሌሊት አደሩ። ሲመለሱ ሉሊት መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ «ወደ ቀኝ እየጎተተኝ ነው» አለች።

«ጎማ ነው» አለች ፈትያ፤ ልቧ ዘለለ። የእሷ ክፍል ነዋ።

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጋዝ ስቴሽን ገቡ። የንፋስ ማሽኑ ያለው ጥግ ላይ፣ ለትንሽ መኪና በተሠመረ ቦታ ነው። ሉሊት አርቪውን ወደፊትም ወደኋላም ብላ ብታስገባው ጭራው መውጫውን ዘጋው። ቱቦው ተጎትቶ ተጎትቶ የፊቱ ጎማ ጋ ደረሰ፤ የኋላው ዘንድ ግን አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። አርቪውን አዙረው እንዳይሞክሩ ከኋላቸው መኪና ተሰልፏል። አንዱ ክላክሱን ለቀቀው፤ ሌላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ። ማሽኑም ሲያቃስት ቆይቶ ጊዜው አለቀና ዝም አለ። ፈትያ ቱቦውን ይዛ ቆማ ላብ አጠመቃት።

«ተይው፣ ግቢ!» አለች ሉሊት በመስኮት። ቀስ እያሉ ኖርክሮስ፣ ገብረእግዚአብሔር የሚባል ጎሚስታ ጋ ደረሱ። ገብረእግዚአብሔር ጎማ ሲቀይርና ሲጠግን ጸጉሩ የሸበተ፣ ሰላምታው ረጅም የሆነ ሰው ነው። የቤተሰብ ደኅንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ሥራ አይጀምርም። ሚስማር እንዳልገባበት ፈትሾ፣ ልክ ልኩን ነፋላቸውና እጁን በጨርቅ እየጠረገ መከራቸው።

«እናቶቼ፣ ይሄ እንደ ኮሮላ ጎማ አይደለም። የንፋሱ ልክ ሰማንያ መድረስ አለበት። የመንገድ ማሽን ብዙ ጊዜ እዚያ ሳይደርስ ይደክማል። ደግሞ ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ብርድ እንዳለ ነው። እኔ ጋ እስክትደርሱ ሞቋል፤ የሚያሳየው ልክ ትክክል አይደለም። የራሳችሁ መንፊያ ይኑራችሁ።»

«ምን ዓይነት?» አለች ፈትያ።

«ከባትሪው ጋር በመቆንጠጫ የሚያያዘውን ይያዙ። በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካው ለትንሽ መኪና ነው። ቱቦው ደግሞ እስከ ኋላ እግር የሚደርስ ይሁን። የኋላው መንታ ነው፤ የውስጠኛውን ጎማ በውጪኛው ቸርኬ ቀዳዳ እጅ ሰደው ነው የሚያገኙት። እሱን እንዳይረሱ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።»

ፈትያ ቃል በቃል ያዘችው።

ሉሊት ግን የያዙትን ሳይሞክሩ ሌላ መግዛት አይሆንላትም። ቃለአብ ለራሱ መኪና የገዛው ትንሽዬ መንፊያ ነበረውና አምጥቶ ሰጣት። ልጁ ኡበር ይነዳል፤ ያቺ ነገር ብዙ ጊዜ አውጥታዋለች። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰኩት። እንደ ንብ እያዜመች ጀመረች፤ ስልሳ ደረሰች፤ እዚያው ስልሳ ላይ እያዜመች ቆየች። ፈትያ ጎንበስ ብላ ስትዳስሳት እጇን አቃጠለቻት። ወዲያው ጢው አለችና ጸጥ። ከሷ ጋር የሲጋራ መለኮሻውም ፊውዝ ተቃጠለ።

«ሞተች?» አለች ሉሊት።

«ኢንና ሊላህ» አለች ፈትያ፤ ሁለቱም ሳቅ ያዛቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ፈትያ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋ፣ ስለ ጎማ መንፊያ ዩቲዩብ ስታይ ሰነበተች። አንድ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ አገኘች። እየፈጠነ ሲያወራ አንዳንዱ ያመልጣታልና ሶፍያ ስትመጣ እያስቆመች ታስተረጉማለች።

«እማዬ፣ ሲርየስሊ፣ አንቺ አሁን መካኒክ ልትሆኚ ነው?» ትላለች ሶፍያ።

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ። ሳያርፍ ስንት ደቂቃ ይሠራል ነው ያለው?»

ሽማግሌው ሲደጋግም የሚለው ነገር ገብቷታል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትመኑ፣ ዋናው ሰማንያ ላይ ደርሶ እዚያው ላይ መንፋት መቻሉ ነው፤ ከመንፋቱ በፊትም ሞተሩን አስነሱ፣ ያለዚያ ባትሪው ይወድቃል። ቅዳሜ ዕለት ሉሊት መጥታ ስትወስዳት ፈትያ ወስና ነበር።

ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ሙሉ መንፊያ ነው። ሉሊት በአንድ እጅ የሚነሳ ቀለል ያለ አነሳች።

«ይቺ አትበቃም?»

«እሷ የትንሽ መኪና ናት። ይሄኛውን እዪው።» ፈትያ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ግዙፍ፣ ጥቁር፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው ብረት አሳየቻት።

«ይሄን ማን ያነሳዋል?»

«እኔ። አልጋ ስገለብጥ የኖርኩ ሴት ነኝ።»

«ፈትያ፣ ዕድሜያችን...»

«ሥራው የማን ነው?» አለች ፈትያ ቆጣ ብላ። ሉሊት እጇን አነሳች፤ ብረቱን ለሁለት ተሸክመው ወጡ።

አትላንታ ያን ሰሞን የጥድ ብናኝ ይዘንብባታል፤ አስፋልቱም መኪናውም ቢጫ ይሆናል። እሁድ ሉሊት ከቅዳሴ ስትመለስ ሶፍያ ፈትያን ስቶን ማውንቴን አድርሳት ሄደች። ኮፈኑን ከፍተው፣ መቆንጠጫዎቹን ባትሪው ላይ አስይዘው፣ ሞተሩን አስነሱ። ፈትያ ምንጣፍ ቢጤ አንጥፋ ከፊት ጎማ አጠገብ ተንበረከከች። የቱቦው ጫፍ ከናስ የተሠራ ነው። የጎማው ቫልቭ ላይ አስቀምጠው በጣት እያዞሩ ያጠብቁታል፤ እስኪጠብቅ ድረስ ንፋሱ ያፏጫል።

አዞረችው። ንፋሱ አፏጨ። ጣቶቿ ናሱን ያዙት፤ ግን አልታዘዙም። አውራ ጣቷ እንደ ሌላ ሰው ጣት ነው፤ ከሷ ጋር አይደለም። እንደገና ሞከረች። ናሱ ግማሽ ዞሮ አመለጣት። ንፋሱ እያፏጨ ሊሞላ የነበረው ጎማ ጭራሽ ጎደለ።

እጆቿን ሆቴሉ ነው የበላቸው። በቀን ስንት ፍራሽ ጥግ ማንሳት፣ ስንት አንሶላ ከሥሩ መወተፍ፣ ስንት ጨርቅ መጭመቅ! ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን ሐኪም ቀዶ አሽሎላት ነበር። «ድኛለሁ» ብላ ለሁሉም ተናግራለች። ሻይ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ አጥብቆ መያዝና ማዞር ሲመጣ ግን ጣቶቿ የሉም።

«ልርዳሽ?» አለች ሉሊት ከላይ።

«አይ፣ ብናኙ ነው። ዓይኔን አስለቀሰኝ። ሌላ ቀን እንሞክረው።» ፈትያ ተነሳች፤ ጉልበቷን አራግፋ ቱቦውን ጠቀለለች፤ ለመጠቅለል ጣት አያስፈልግም። ሉሊት «ለማፍጠሪያሽ ምስር ሠርቻለሁ» ብቻ ብላ ወደ ቤት ገባች።

ያን ምሽት ፈትያ ቤቷ ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ላይ ያሉትን የሽማግሌውን ቪዲዮዎች አልከፈተችም። ገና ከአሁኑ ዕቃ ሆና መጫኗ ነው። መስኮት ላይ ተደግፋ፣ ሌላው ሲነዳ፣ ሌላው ሲወርድ ሲነፋ፣ እሷ «በርቱ» ልትል ነው። ለሉሊት ልትነግራት አሰበች፤ ምላሷ እምቢ አለ። ሉሊት አትስቅባትም፣ ታውቃለች። ግን «እኔ አደርገዋለሁ፣ አንቺ ዕረፊ» ትላታለች። ሥራን ከሰው እጅ የሚወስደው ደግሞ ይሄ «ዕረፊ» የሚሉት ነገር ነው።

ረቡዕ ሉሊት ደወለች።

«ያን ብረት መለስኩት።»

«ምን?»

«መለስኩት። ጩኸቱ ራሴን አዞረው። በሌላ ቀየርኩት።»

«ሳትጠይቂኝ?» የፈትያ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ሉሊት፣ ሳትጠይቂኝ? ስመርጥ የሰነበትኩት እኔ! ከሥር ያለው ያንቺ ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ። ነይና እዪው።»

«ምኑን ልይ? ጨርሰሽው!» ስልኩን ዘጋችው። ሉሊት ላይ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ከዚያ የማታደርገውን አደረገች፤ የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ፣ ቢስሚላህ ብላ ሃይዌይ ወጣች። ስቶን ማውንቴን እስክትደርስ ብስጭቷ ፍርሃቷን አስረስቷት ነበር።

ግቢው ውስጥ ሉሊት የለችም። የአርቪው ኮፈን ተከፍቷል። ቃለአብ ባትሪው አጠገብ ቆሞ ሽቦ ይፈታል።

«ማማ ፈትያ! ነድተሽ መጣሽ?» ብሎ ዘሎ አቀፋት።

«እናትህስ?»

«ሱቅ ሄዳለች፤ አሁን ትመጣለች። አዲሱን አየሽው?»

መሬት ላይ ከፊተኛው አነስ ያለ፣ መያዣ ያለው መንፊያ ተቀምጧል። ቱቦው ረጅም ነው። ጫፉ ግን የሚዞር ናስ አይደለም፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ አፉን የሚከፍት ነገር ነው። ቀጥሎም ጎበጥ ያለ የብረት ክንድ አለው፣ ለውስጠኛው ጎማ።

ፈትያ ተናዳ መጥታለች፤ ነገር ግን ሥራ ያለበት ቦታ ዝም ብላ መቆም አታውቅም። ተንበረከከች። ጫፉን በመዳፏ ተጭና አፉን ከፈተችው፤ ቫልቩ ላይ አሳርፋ ስትለቀው ቀጭ ብሎ ነከሰ። ንፋስ አላፏጨም። ጣት አላስፈለገም። መዳፍ ብቻ። የሚፈልጉትን ልክ ካስገቡለት ደግሞ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ቃለአብ መቆንጠጫዎቹን ባትሪው ላይ አስይዞ ሞተሩን አስነሳ፤ መንፊያው ማጓራት ጀመረ፤ ልክ እንደ ፊተኛው ነው የሚጮኸው፣ እንዲያውም የሚብስ።

ፈትያ ቀና አለች።

«እናትህ ለጩኸቱ ብዬ ነው የቀየርኩት ብላኛለች።»

ቃለአብ አንገቱን አከከ። መዋሸት አይችልም፤ ፈትያ ራሷ ናት ያሳደገችው።

«ጩኸቱ? አላውቅም። ላይክ፣ አብሬያት ነበርኩ። ትናንት ይዛኝ ሄደች። የስኖው ጓንቷን ይዛ።»

«የምን ጓንት?»

«ያን ወፍራሙን፣ የክረምቱን። ሱቁ ውስጥ አደረገችው፣ ሁለቱንም እጅ። ከዚያ ሠራተኛውን ሁሉንም አስከፈተችው፣ ኤቭሪ ቦክስ። በጓንቱ እየሞከረች ‹ይሄ አይሆንም፣ ይሄ አይሆንም› ትላለች። ሰው ሁሉ ያየናል። እኔ በእፍረት ልሞት ነው። ‹እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?› ስላት ‹በጓንት የሚያዝ ነው የምፈልገው፤ ጣት የማይጠይቅ› አለችኝ። አንዱ ሱቅ አጣችው። ሌላ ሱቅ ሄድን። እዚያም አጣችው። ሦስተኛው ጋ ነው ያገኘችው።» ፈገግ አለ። «ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔ ግን ገባኝ።»

ፈትያ ወደ ኋላ ጎማ ዞረች። የውጪኛውን ለካች፤ ነፋች። ከዚያ ጎባጣውን ክንድ በቸርኬው ቀዳዳ ሰዳ የውስጠኛውን በዳበሳ ፈለገችው፤ በመዳፏ ተጫነች፤ ነከሰ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቁጥሩን ማንበብ ስላቃታት ቃለአብን «ስንት ይላል?» አለችው።

«ሰባ ሁለት።»

«ተወው፣ ይሞላል።»

ስድስቱንም ጎማ ብቻዋን ጨረሰች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ የሉሊት መኪና ገባ። ሉሊት ከረጢቷን ይዛ ወረደች፤ የፈትያን መኪና አየች፤ ፈትያን አየች፤ ልጇንም በጎን አየችው። ቃለአብ ሽቦውን ትቶ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ቤት ገባ።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አለች ሉሊት።

«ይጮኻል» አለች ፈትያ።

«ይጮኻል አይደል?»

«የጩኸት አባት ነው።»

ከዚያ ፈትያ ቱቦውን አስቀምጣ ሄደችና ሉሊትን አቀፈቻት፤ ከረጢቱ ከመካከላቸው ተጨፈለቀ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በትከሻዋ ላይ።

«ምኑን? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራዬን ትወስጅብኛለሽ ብዬ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሥር ገብቼ እንደ አንቺ የምንበረከክበት ጉልበት አለኝ? ስንተዋወቅ ዕድሜያችን አለቀ፤ የእኔ ጉልበት እንደ ሞተ ታውቂያለሽ። አንቺ ካልነፋሽ ማን ሊነፋ ነው?» ሉሊት እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ያን ብረት ስታዞሪ አየሁሽ። ብናኝ ነው አልሽ። ብናኝ ከሆነ ብናኝ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።»

ሰው ውለታ ሲውል ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያወራዋል። ይህች ግን የክረምት ጓንት አድርጋ ሱቅ ለሱቅ ተንከራትታ፣ ሰው ስቆባት፣ ከዚያ መጥታ በጩኸት ታመካኛለች። እንዲህ ያለውን በምን ይመልሱታል? የፈትያ ባል ያረፈ ጊዜም እንዲሁ ነበረች። ሻሽ አስራ፣ ከጓዳ ሳትወጣ፣ ለቀስተኛ ስታበላ ሰነበተች። ቤቱ ጭር ካለ በኋላ ነው ፈትያ ድስቶቿ በሙሉ ታጥበው፣ በየቦታቸው ተደርድረው ያገኘቻቸው። ያኔም አላመሰገነቻትም። አሁን ግን አፏን ከፈተች።

«አላህ ይስጥሽ፣ ሉሊት። ለዛሬውም፣ ለዱሮውም። ለሁሉም። ስልክ ስለዘጋሁብሽ ደግሞ ይቅር በይኝ።»

«አሜን። የዘጋሽውን ግን አልረሳም፤ እስከ ሳቫና ድረስ እከስሻለሁ» አለች ሉሊት፤ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ።

ኢድ አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። በፋሲካው ሳምንት ረቡዕ በማለዳ ፈትያ ስድስቱንም ጎማ በብርዳቸው ለክታ «ይሄዳል!» አለች። ሉሊት ማርሽ አስገባች። ከሜከን ወዲያ መንገዱ ሜዳ ሆነ፤ ጥዱ በግራና በቀኝ ተሰልፎ አብሯቸው ሄደ። ፈትያ ከፊት ወንበር ተቀምጣ መስኮቱን ትንሽ ከፍታ ነበር። ሃይዌይ ላይ ትንፋሿን ያልዋጠችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ሶፍያ በየሰዓቱ ትደውላለች።

«እማዬ፣ ኦኬ ናችሁ?»

«ደኅና ነን። ጎማው ሰላም ነው» ትላለች ፈትያ፣ ስለ ሰው ጤና እንደምትናገር ሁሉ።

የባሕር ዳር ካምፑ ውስጥ ግዙፍ ዛፎች አሉ፤ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፋቸው ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ዳር ቆመው ብዙ አላወሩም። ሉሊት ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ፈትያ ደግሞ ዳር ቆማ «ይበቃል፣ አትራቂ» እያለች ጠበቀቻት፤ በኋላ እሷም ገባች። ውሃው ቀዘቀዛት። ጮኸች። ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ማዕበል ሲመጣ እየዘለሉ እንደ ልጅ ሲጮሁ ያየ ሰው ፈገግ እያለ አለፈ።

ሊመለሱ ባሉበት ጠዋት ፈትያ ሰግዳ ስትወጣ ጎማዎቹን ለካች፤ የኋላ ግራው የውስጠኛው ጎድሏል። መንፊያውን ወዲያው አላስነሳችም። የካምፑ ደንብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ጩኸት አይፈቀድም ይላልና ሰዎች እስኪነሱ ሻይዋን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፣ መንፊያው አጓራ፣ ፈትያ ተንበረከከች። ቀጭ። ሰማንያ። ሲቆም ከጀርባዋ አንዲት ሽቅርቅር ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ቆማ ነበር፤ ዕድሜዋ ከእነሱ አይርቅም። ከባሏ ጋር ያመጡት ተጎታች ቤት ጎማው መተንፈሱን፣ ያለችው መንፊያ ትንሽ መሆኗን ነገረቻት። ትንሽ ሰዓት ሊያውሷት ይችላሉ ወይ?

«ማዋስ አላውሰውም» አለች ፈትያ በእንግሊዝኛዋ። «እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

ባልየው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ወገቡን ይዞ፣ ይህች ሻሽ ያሰረች ሴት ምንጣፏን አንጥፋ ጎማውን ስትነፋለት በግርምት አየ። ስትጨርስ ሚስትየው እጇን ይዛ ደጋግማ አመሰገነቻት፤ ፈትያም የእጇ መያዝ ደስ አላት። ወዲያው ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ ትኩስ፣ እንፋሎት የሚወጣበት ከረጢት ይዛ መጣች።

አርቪው ተንቀሳቅሶ መንገድ ከያዙ በኋላ ፈትያ ከረጢቱን ከፈተችው። ኦቾሎኒ ነው፤ ከነልጡ፣ እርጥብ፣ የተቀቀለ።

«ኦቾሎኒ ይቀቀላል እንዴ?» አለች ሉሊት ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

«ይኸው ቀቅለውታል።» ፈትያ አንዱን ልጣ ሰጠቻት። ሉሊት አኘከች፤ ፊቷን አጨፈገገች፤ አሰበች።

«ባቄላ ነው የሚመስለው።»

«አልሐምዱሊላህ በይ፤ ሰው ከልቡ ነው የሰጠን።»

«ተመስገን እላለሁ እንጂ፣ ጨው በዝቶበታል» አለች ሉሊት፤ እጇንም ዘርግታ ጨምሪልኝ አለች።